የጓደኛን ድራፍት ለማንበብ የቱ ይሻላል? ፊት ለፊት፣ በወረቀት፣ በወርድ፣ በጉግል ዶክስ ወይስ በቴሌግራም ድምፅ

የሲኒየር ኤሴይ (የመመረቂያ ጽሑፍ) ማስገቢያ ቀን ሲቃረብ ዶርም ውስጥ የሚሆነው ይታወቃል። አንዱ ላፕቶፑን ታቅፎ ከአልጋ አልጋ ይዞራል። "እስቲ ይቺን እያትማ" ይላል። ጓደኛው ወደ ላይ ወደ ታች ያደርጋታል። "አሪፍ ናት፣ ግራመሯን ብቻ ነካ ነካ አድርጋት" ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ከሳምንት በኋላ አድቫይዘሩ፣ አማካሪ መምህሩ፣ ያችኑ ድራፍት "የምታጠኑት ችግር የቱ ጋ ነው?" የሚል አንድ መስመር ጽፎባት ይልካታል።

አንባቢው ሰነፍ ነው ማለት አይቻልም። ምን እንዲያይ አልተነገረውም። ሠላሳ ገጽ ደግሞ አልጋ ላይ ተቀምጦ በአምስት ደቂቃ አይነበብም። ይሉኝታም አለ። ማታ አብሮት እራት የሚበላውን ልጅ "ምንም አልገባኝም" ማለት ለማን ይቀላል?

ይህን የምጽፈው ለተመራቂዎች፣ ግሩፕ አሳይንመንት ላለባቸው፣ እንዲሁም ተማሪዎቻቸው የእርስ በርስ ጽሑፍ እንዲያነቡ ለሚፈልጉ መምህራን ነው። ያሉትን አማራጮች አንድ በአንድ አነጻጽራለሁ። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልናገር። ብዙ ሰው የሚጨነቀው "በምን ልላክልህ?" በሚለው ነው። እኔ መጀመሪያ የሚመረጠው አንባቢው የሚሠራው ሥራ ነው ባይ ነኝ። መላኪያው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስህተት መልቀም ወይስ እንደ አንባቢ መናገር?

"ጽሑፌን እይልኝ" ሲባል የአብዛኛው ሰው እጅ ወደ ሰዋስው ይሮጣል። ይህ አይገርምም። ቢያንስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስንገባም ፍሬሽማን ላይ ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ይጠብቀናል። እንግሊዝኛ ጽሑፍ ስናይ መልእክቱን ከማንበባችን በፊት ስህተት መፈለግ ለምዶብናል።

ችግሩ፣ ሰዋስው ማረም መምህሩ ራሱ ሲሠራው እንኳ አከራካሪ መሆኑ ነው። ጆን ትረስኮት የተባለ ተመራማሪ በ1996 እ.ኤ.አ. በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፉ ተማሪዎችን ሰዋስው እያረሙ መመለስ አይጠቅምም፣ እንዲያውም ይጎዳል፣ ይቅር ብሎ ጽፎ ነበር። ዳና ፌሪስ በ1999 መለሰችለት። ለዚህ ድምዳሜ ጊዜው ገና ነው፣ ተመርጦና በግልጽ የተሰጠ እርማት የሚጠቅማቸው ተማሪዎች አሉ አለች። ክርክሩ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ቀጠለ። እንግዲህ የሠለጠነ መምህር ሲያርም እንዲህ ካጨቃጨቀ፣ እንግሊዝኛው ከኔ ብዙም የማይሻል ጓደኛዬ ሲያርመኝ ምን ሊሆን ነው? ትክክሉን ወደ ስህተት የሚለውጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ያውም በሙሉ ልብ።

ሌላው መንገድ እንደ አንባቢ መናገር ነው። የት ገባኝ፣ የት ጠፋኝ፣ የት ሰለቸኝ፣ የት ላይ "እንዴት ሆኖ?" አልኩ። ፒተር ኤልቦው የተባለው አሜሪካዊ የጽሕፈት መምህር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲወተውት የኖረው ይህንኑ ነው። ለዚህ ሥራ የእንግሊዝኛ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ማንበብና ሐቀኛ መሆን ይበቃል።

ልዩነቱ በምሳሌ ይታይ። የሚከተለውን አንቀጽ እኔው የፈጠርኩት ነው፣ ግን ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው እንበል፦

"ቁጠባ በዓለም ዙሪያ ለኢኮኖሚ ዕድገት ወሳኝ ሚና ይጫወታል። በታዳጊ አገሮች ግን የቁጠባ ልማድ ዝቅተኛ ነው። ኢትዮጵያም ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ ይህ ጥናት በባሕር ዳር ከተማ የባጃጅ አሽከርካሪዎችን የቁጠባ ልማድ የሚወስኑ ምክንያቶችን ይመረምራል።"

የመጀመሪያው አንባቢ "ቆንጆ ነው፣ በርቺ" ይላል። ሁለተኛው ሁለት ቦታ አርቲክል ይጨምራል፣ አንድ ኮማ ያነሳል። ሦስተኛዋ እንዲህ ትላለች፦

"'ስለዚህ' የሚለው ላይ ቆምኩ። አገሩ ሁሉ ቁጠባው ዝቅተኛ ከሆነ ባጃጅ ሹፌሮቹ ለምን ተመረጡ? ገቢያቸው የቀን ስለሆነ ነው? ደግሞ አብዛኞቹ ዕቁብ ይጥላሉ ብዬ እገምታለሁ። ዕቁብ እንደ ቁጠባ ይቆጠራል ወይስ ባንክ ያለው ብቻ?"

ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ አንቀጹን ብቻ አትነካም። መጠይቁን ትቀይራለች። "በወር ስንት ትቆጥባለህ?" ተብሎ የተጠየቀ ሹፌር ባንክ ደብተር ስለሌለው "ምንም" ብሎ ሊመልስ ይችላል፣ በየሳምንቱ ዕቁብ እየጣለ። ዳታ ከተሰበሰበ በኋላ ይህን መስማት ያንገበግባል። ከዳታው በፊት መስማት ግን በነጻ የተገኘ ምክር ነው። ልብ በሉ፣ ጠያቂዋ ለዚህ የሰዋስው ዕውቀት አላስፈለጋትም። ዕቁብ ምን እንደሆነ ማወቅ በቃት።

በነገራችን ላይ፣ ከዓለም ተነስቶ በአፍሪካ አቋርጦ ኢትዮጵያ የሚደርስ መግቢያ የሁላችንም በሽታ ነው። ርዕሱ ከተማው ውስጥ የሚገባው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። ጓደኛችሁ ከሚጽፍላችሁ ጠቃሚ አስተያየቶች አንዱ "ስለ ባጃጅ ሹፌር መሆኑን ያወቅሁት ገጽ 3 ላይ ነው" የሚለው ነው።

ታዲያ የቱን እንምረጥ? ድራፍቱ ገና ከሆነ፣ ያለ ጥርጥር እንደ አንባቢ መናገሩን። ሰዋስው የሚታየው ሊገባ ቀናት ሲቀሩት ነው። ያኔም ሁሉን ከመልቀም፣ እየደጋገመ የሚመጣውን አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ስህተት ማሳየት ይሻላል። "ያለፈ ጊዜና የአሁን ጊዜ ይቀላቀልብሃል፣ ሜቶዶሎጂው ላይ በተለይ" ማለት ሃምሳ ቦታ ቀይ ከማድረግ ይበልጣል።

ፊት ለፊት፣ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ

ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። መብራት አይፈልግ፣ ፓኬጅ አይፈልግ። ግን አብዛኛው ሰው የሚያደርገው በተገላቢጦሽ ነው። ጸሐፊው ያነባል፣ ጓደኛው ይሰማል። ጸሐፊው ሲያነብ ግን ጎዶሎውን በድምፁ ይሞላዋል። የት ማረፍ እንዳለበት ያውቃል፣ ያልጻፈውንም ያነባል። ስለዚህ አንባቢው ያንብብ፣ ጸሐፊው ይስማ። አንባቢው የተደናቀፈበት፣ ወደኋላ ተመልሶ እንደገና የጀመረበት፣ ድምፁ የቀዘቀዘበት ቦታ ሁሉ አስተያየት ነው። አንድ ቃል ሳይናገር።

በአማርኛ ለሚጽፉ፣ የጋዜጠኝነትና የአማርኛ ዲፓርትመንት ልጆች፣ ይህ ዘዴ የበለጠ ይሠራል። አማርኛችን ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። አንባቢው ግሡ ጋ ሳይደርስ ትንፋሹ ካለቀ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል። ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ድምፅ አውጥቶ ተናግሮ መታረም ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ሆኖ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ ይመጣና ይነግራል። ሰሚው እዚያው ያርመዋል። ሁልጊዜም መምህሩ ራሱ አይደለም የሚሰማው፤ ቀደም ያሉ ተማሪዎች አስነጋሪ ሆነው የታናናሾቻቸውን ይሰማሉ። ያመረቃ ሲሆን "ይበል!" ይባላል። እኛ ዘንድ "ይበል" ብቻ ተርፎ እርማቱ ጠፋ።

ጉድለቱስ? አንደኛ፣ ሠላሳ ገጽ ጮክ ብሎ ማንበብ አይቻልም። ሁለት ገጽ ምረጡ። መግቢያውን፣ ወይም በጣም የምትጠራጠሩትን። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው ካልጻፈው የተባለው ሁሉ በነጋታው ይጠፋል። ሦስተኛ፣ ይሉኝታ ከሁሉም ቦታ በላይ የሚበረታው እዚህ ነው። ዓይን ለዓይን እየተያዩ "ደካማ ነው" ማለት ለአብዛኞቻችን የማይታሰብ ነገር ነው። መፍትሔው ፍርድ ትቶ መጠየቅ ነው። "ይሄ ደካማ ነው" ከማለት "እዚህ ጋ ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?" ማለት ይቀላል፣ ይጠቅማልም። ስትመልስ ብዙ ጊዜ ከተጻፈው የተሻለ ትናገራለች። "እሱን ጻፊዋ!" በሏት።

አንድ ሕግ ግን ያስፈልጋል። ጸሐፊው አይከራከርም። "አይ እኔ እኮ ለማለት የፈለግኩት..." ብሎ ማብራራት ከጀመረ አንባቢው ይሸነፋል፣ "እሺ ገባኝ" ይላል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል። አድቫይዘሩ ሲያነብ እናንተ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አታብራሩለትም።

ወረቀት

ወረቀት ዋጋው ጨምሯል፣ ስለዚህ ሙሉውን ማተም አልመክርም። አንድ ምዕራፍ፣ መስመሩ ሰፋ ብሎ፣ ዳሩ ላይ በቂ ባዶ ቦታ ተትቶ። ጥቅሙ ጽሑፉ በአንድ ጊዜ መታየቱ ነው። ገጾቹን ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጓቸው ሊትሬቸር ሪቪው አሥራ ሁለት ገጽ፣ ትንታኔው ሦስት ገጽ እንደሆነ ዓይናችሁ ይነግራችኋል። ስክሪን ላይ ይህ አይታይም።

አንባቢው ብዙ መጻፍ ካልወደደ ምልክት ብቻ ይበቃል። የገባው ቦታ ዳሩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር፣ የጠፋው ቦታ ጠመዝማዛ መስመር። መጨረሻ ላይ ጠመዝማዛው የበዛበት ገጽ የትኛው እንደሆነ ማየት ነው። እርሳስ ከቀይ እስክሪብቶ ይሻላል። ቀይ ፈተና ያስታውሳል።

መጥፎ ጎኑ ወረቀቱ አንድ መሆኑ ነው። ሁለተኛው አንባቢ የመጀመሪያውን ምልክት እያየ ያነባል፤ ያልጠፋውንም ቦታ "እውነትም" ማለት ይጀምራል።

ወርድ ወይስ ጉግል ዶክስ

ሁለቱ የሚመሳሰሉ ይመስላሉ፣ ችግራቸው ግን የተለያየ ነው።

ጉግል ዶክስ ላይ ሁሉም አንድ ፋይል ላይ ነው የሚሠራው። ሊንኩን ስትልኩ ሦስት ዓይነት ፈቃድ አለ፦ ማየት ብቻ፣ አስተያየት መስጠት፣ ማረም። ለጓደኛ መሃለኛውን ስጡ። የማረም ፈቃድ የተሰጠው ሰው ስልኩን ኪሱ ሲከት ግማሽ አንቀጽ ሊያጠፋ ይችላል። ይህ ከደረሰባችሁ አትደንግጡ፣ የቀድሞ ቅጂዎች ታሪክ ውስጥ ገብታችሁ መመለስ ይቻላል። አስተያየት ብቻ የተፈቀደለት ሰው የሚቀይረው ቃል እንደ ሐሳብ ሆኖ ይቀመጣል። ትቀበላላችሁ ወይ ትተዋላችሁ።

ለግሩፕ አሳይንመንት ይህ ጥሩ ነው። ማን ምን እንደጻፈ ይታያል። አምስት ስም ሽፋኑ ላይ ተደርድሮ አንድ ሰው ብቻ የሚሠራበትን ነገር ያጋልጣል። ምዕራፍ ተከፋፍላችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ ተቀያይራችሁ አንብቡ። የመግቢያው ጸሐፊ ማጠቃለያውን፣ የማጠቃለያው ጸሐፊ መግቢያውን። መግቢያው የጠየቀውን ማጠቃለያው ካልመለሰ በዚህ ይታወቃል።

ጉድለቱ ኔትወርክ ነው። የካምፓስ ዋይፋይ ማታ ሰው ሲበዛበት ምን እንደሚመስል መናገር አያስፈልግም። ሌላው ደግሞ መንጋነት ነው። የመጀመሪያው ልጅ "መግቢያው ረዘመ" ብሎ ከጻፈ የቀሩት ሦስቱ "እኔም እስማማለሁ" ብለው ይወጣሉ። አራት አንባቢ ይዛችሁ ያገኛችሁት የአንድ ሰው አስተያየት ነው። ብዙ አንባቢ ካላችሁ ለእያንዳንዱ የየራሱን ቅጂ ስጡት።

ወርድ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሠንጠረዡና ማውጫው አይበታተንም። ፋይሉ በቴሌግራም ይሄዳል ይመጣል። ለብዙ ተማሪ የሚቀለው ይህ ነው፣ እኔም ኔትወርክ በማያስተማምንበት ካምፓስ ይህን እመርጣለሁ። መከራው የፋይል ስም ነው። "ፋይናል"፣ "ፋይናል ፋይናል"፣ "የመጨረሻ ፋይናል 2"። ሁለት ጓደኛ ሁለት የተለያየ "ፋይናል" ላይ አስተያየት ጽፈው ሲልኩ ራስ ያዞራል። ቀንና የአንባቢ ስም ፋይሉ ስም ላይ ጨምሩ፣ ይኸው ነው።

አንባቢው ትራክ ቼንጅስ (የተደረገውን ለውጥ ሁሉ የሚያሳየውን) ማብራቱንም አረጋግጡ። ሳያበራ ካስተካከለ የት ምን እንደነካ አይታወቅም። ከሆነም በኋላ የወርድ ማነጻጸሪያ ትእዛዝ፣ ኮምፔር የሚለው፣ ዋናውንና የተነካውን ፋይል ጎን ለጎን አድርጎ ልዩነቱን ያወጣላችኋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ፒዲኤፍ አትላኩ። ስልክ ላይ ያምራል፣ ግን የብዙ ሰው ስልክና ላፕቶፕ አስተያየት ለመጻፍ አይመችም። አንባቢው ስክሪንሾት እያነሳ በጣቱ ክብ እየሳለ ይልክላችኋል።

የቴሌግራም ድምፅ

ይህን ሰው ይንቀዋል። አትናቁት። መጻፍ የሚያታክተው ልጅ በድምፅ ሲሆን አሥር ደቂቃ ይናገራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ድምፅ ለስላሳ ነው። "ይሄ አልገባኝም" የሚል ጽሑፍ ሲነበብ ቁጣ ይመስላል። ያው ቃል እየሳቀ ሲነገር ቁጣ የለበትም። ይሉኝታ ለያዘውም ይቀላል፤ ዓይን ለዓይን አልተያዩም፣ ግን ወዳጅነቱ ይሰማል።

መከራው መልሶ መፈለግ ነው። ስምንት ደቂቃ ድምፅ ውስጥ "ያቺ ስለ ናሙና ያልካት" የት እንዳለች ማን ያውቃል? ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ አጭር ድምፅ ላኩ፣ ሲጀምርም ገጹንና አንቀጹን ተናገሩ፦ "ገጽ 7፣ ሁለተኛው አንቀጽ..."። ተቀባዩ ደግሞ ሲሰማ ነጥቦቹን ወደ ወረቀት ያውርድ። ፍጥነቱን ጨምሮ መስማት ይቻላል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙ ግን ባይጣደፉ ጥሩ ነው።

ለሰዋስው እርማት ድምፅ አይሆንም። "ከሁለተኛው መስመር ሦስተኛው ቃል ላይ ኤስ ጨምር" እያሉ መቅዳት ለሁለቱም ቅጣት ነው።

ማን ያንብብ?

የቅርብ ጓደኛ ጊዜ ይሰጣችኋል፣ እውነቱን ግን ይቆጥብባችኋል። በተጨማሪ ርዕሱን ስድስት ወር ሙሉ ስትናገሩት ሰምቷል። ያልጻፋችሁትንም ያውቀዋል፣ ስለዚህ ክፍተቱ አይታየውም።

የሴክሽኑ ጎበዝ ልጅ ጋ መሮጥም የተለመደ ነው። ትምህርት ቤት እያለን 1 ለ 5 ተብለን ስንደራጅ የለመድነው ነገር አለ፤ ጎበዙ ይናገራል፣ ሌላው ይቀበላል። ለጽሑፍ ይህ ብዙም አይጠቅምም። ጎበዙ ልጅ ላይ ደግሞ አሥራ አምስት ድራፍት ተከምሮበታል፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናም አለበት።

የኔ ምርጫ ከዚያው ዲፓርትመንት የሆነ፣ ሰላምታ ያላችሁ ግን ያልተጠጋጋችሁት ሰው ነው። ዘዴውን ያውቃል፣ ርዕሳችሁን አያውቅም፣ ይሉኝታውም ልክ ያለው ነው። ለመግቢያው ብቻ ደግሞ ከሌላ ዲፓርትመንት አንድ ሰው ጨምሩ። ኢንጂነሪንግ የሚማር ልጅ የኢኮኖሚክስ መግቢያ አንብቦ "ችግሩ ይሄ ነው" ብሎ በራሱ ቃል ከነገራችሁ፣ መግቢያው ሠርቷል።

ውለታ ከመለመን መለዋወጥ ይሻላል። "ያንቺን አነባለሁ፣ የኔን ታነቢያለሽ።" እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ላንድስትሮምና ቤከር በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አሜሪካ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚማሩ ተማሪዎችን ሁለት ቦታ ከፈሉ። አንዱ ወገን የሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ አስተያየት መስጠትን ብቻ ተለማመደ፣ ሌላው የተሰጠ አስተያየትን መጠቀምን ብቻ። የራሳቸው ጽሑፍ ይበልጥ የተሻሻለው ሰጪዎቹ ናቸው። ከሰጪዎቹም ይበልጥ የተጠቀሙት ቋንቋው ላይ ዝቅ ያሉት ነበሩ። "እኔ ምን አውቄ ነው የሰው ጽሑፍ የማየው?" የምትሉ፣ ይህ ለእናንተ ነው።

ሩብሪክ፣ ነጥብ ወይስ ጥያቄ?

ይህ ክፍል በተለይ ለመምህራን ነው። ሦስት መንገድ አለ።

ሩብሪክ፣ ማለትም የመመዘኛ ሠንጠረዥ፣ ሥርዓት ያስይዛል። ሙድል የተባለውን የኦንላይን ማስተማሪያ የሚጠቀሙ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ወርክሾፕ የሚባለው ክፍል ድራፍቶቹን ራሱ ያከፋፍላል፣ መመዘኛውን ያቀርባል፣ ማን እንዳነበበ ይመዘግባል። ለትልቅ ክፍል ይህ ያግዛል። ግን ተማሪው ሳጥን ሞልቶ ይወጣል። "አደረጃጀት፦ 4 ከ5።" አራት ለምን ሆነ? አንዷ የት ሄደች?

ነጥብ ማሰጠትን ተዉት ነው የምለው። ሁሉም ለሁሉም ዘጠኝ ከአሥር ይሰጣል። ያልሰጠ ሰው ዶርም ሲመለስ ይጠየቃል።

የሚሻለው ጥቂት ጥያቄ ነው። እኔ ብሆን እነዚህን እሰጣለሁ፦ ይህ ጽሑፍ ምን ይላል፣ ወረቀቱን ሳታይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገረው። የት ላይ ቆምክ? አንድ ነገር ብቻ እንዲለወጥ ቢፈቀድልህ ምን ይሆናል? የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ጓደኛችሁ የጻፈው ሁለት ዓረፍተ ነገር እናንተ ለማለት ከፈለጋችሁት ጋር ካልገጠመ፣ ከዚያ በላይ የሚነገራችሁ ነገር አያስፈልግም።

ስም ይደበቅ ወይስ ይገለጥ? አርባ ሰው ባለበት ሴክሽን ሁሉም የሁሉን ርዕስ ያውቃል። መደበቁ ለይስሙላ ነው። ስም ተደብቆ የመጣ አስተያየት ደግሞ ማብራሪያ አይጠየቅበትም። ይገለጥ።

ቻት ጂፒቲስ?

ሁሉም እየተጠቀመበት ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ለእንግሊዝኛ ሰዋስው ከጓደኛችሁ ይሻላል፣ ይህን መካድ አያስፈልግም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይም ይመልሳል፣ ይሉኝታም የለውም። ይልቁንስ ቀድሞ ያሞግሳችኋል።

ነገር ግን ዓረፍተ ነገር ሲያሳምር ትርጉሙን ሊቀይር ይችላል። "ይዛመዳል" የሚለውን "ያስከትላል" ቢያደርገው ጥናታችሁ ያላረጋገጠውን ተናገራችሁ ማለት ነው፣ ዲፌንስ ላይ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። የሌለ ማጣቀሻ ፈጥሮ ሊሰጥም ይችላል። አንቀጹ እንዳልገባው እንደ ጓደኛችሁ ግንባሩን አይቋጥርም። ሁሉም ይገባዋል፣ ያልጻፋችሁትም ጭምር። ዲፓርትመንታችሁ ምን እንደሚፈቅድ ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ የምጠቀምበት በመጨረሻው ደረጃ፣ ሐሳቡን ሰው ካነበበው በኋላ ነው።

በየደረጃው

ፕሮፖዛል ላይ ከሆናችሁ ወረቀትም ፋይልም ተዉት። ላውንጅ ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉና ርዕሱንና የችግሩን መግለጫ ጓደኛችሁ ጮክ ብሎ ያንብበው። ሁለት ገጽ ነው። የዕቁቡ ዓይነት ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ነው።

መጠይቁን ከማሰራጨታችሁ በፊት ጓደኛችሁ እንደ ባጃጅ ሹፌር ሆኖ ይሙላው። የተጠራጠረበትን ጥያቄ ሁሉ ምልክት ያድርግበት። ይህ ለብቻው የሚሠራ ንባብ ነው፣ ብዙዎች ይዘሉታል።

ምዕራፎቹ ሲያልቁ ወርድ ወይም ጉግል ዶክስ፣ እንደ ኔትወርካችሁ። አንድ አንባቢ ለአንድ ምዕራፍ። ጓደኛችሁ ሌላ ከተማ አፓረንት (የተግባር ልምምድ) ላይ ከሆነ ደግሞ አጫጭር የቴሌግራም ድምፅ ይላክላችሁ። ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ሰዋስው፣ የገጽ ቁጥር፣ የሠንጠረዥ ቁጥር። ያን ጊዜ "መግቢያህ አልገባኝም" የሚል አስተያየት አይጠየቅም፣ አይሰጥምም። ቢሰጥ የሚያመጣው እንቅልፍ ማጣት ብቻ ነው።

ሁለት ጓደኛ ተቃራኒ ነገር ቢሏችሁስ? አንዱ "ይህ አንቀጽ ይውጣ"፣ ሌላዋ "ይህን አስፋፊው" ብትል፣ ሁለቱም እዚያ ቦታ ላይ ቆመዋል ማለት ነው። መድኃኒቱ ላይ ባይስማሙም ሕመሙ ያለበትን ቦታ አሳይተዋችኋል። አንቀጹን ራሳችሁ እንደገና ጻፉት። ጓደኛና አድቫይዘር ከተለያዩ የአድቫይዘሩን ያዙ፣ ግን የጓደኛችሁን ጥያቄ በጥያቄ መልክ አንሱለት፦ "መምህር፣ ዕቁብን ቁጠባ ውስጥ ላስገባው ወይስ ልተወው?" ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ብዙ ስለማያጋጥመው፣ ቁጭ ብሎ ያስረዳችኋል።